የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ አደራደር፦ ማጣበቂያው ከመበጥበጡ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሴራሚክ አምሮ ሳይወጣ ሲቀር ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው የባለሙያው እጅ ነው። በሩ ሲከፈት ዓይን የሚወጋው የሦስት ጣት ቁራጭ፣ ኮርኒሱ ሥር እየሰፋና እየጠበበ የሚሄደው ረድፍ፣ ሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለው ቧንቧ) አጠገብ ተሰንጥቆ የቀረው ሴራሚክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ጥፋት አይደሉም። ምክንያታቸው ሥራው ከአንድ ማዕዘን በሙሉ ሴራሚክ ተጀምሮ ትርፉ ባረፈበት ቦታ ሁሉ እየተቆረጠ መሄዱ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ቁራጩ የት እንዲያርፍ ይወሰናል፤ ያ ከተወሰነ በኋላ ሙሉው ሴራሚክ የት እንደሚጀምር ራሱ ይታወቃል።

ስሌቱ እንዳይምታታ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ክፍል ላይ ተሠርቷል። ክፍሉ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ዓይነት ጠባብ ክፍል ነው። በልስኑ ላይ ሲለካ ወርዱ 163 ሳ.ሜ፣ ርዝመቱ 220 ሳ.ሜ ነው። በሩ በጠባቡ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሻወሩና የወለሉ ፍሳሽ ቀዳዳ ከበሩ ፊት ለፊት፣ መጨረሻው ላይ ናቸው። ሴራሚኩ 30 በ60 ሲሆን ተጋድሞ ይለጠፋል። የግራውት (በሴራሚኮች መካከል የሚሞላው ውህድ) ክፍተቱ 2 ሚ.ሜ ነው። የእርስዎ ክፍል ልኩ ቢለያይም አካሄዱ ያው ነው።

የሚለካው ያለቀው ክፍል ነው

በልስን ላይ የተለካ ክፍል ሴራሚክ ከተለጠፈበት በኋላ ይጠባል። በማጣበቂያ ሲሠራ የሴራሚኩ ውፍረት 9 ሚ.ሜ ገደማ፣ የማጣበቂያው ደግሞ 5 ሚ.ሜ ገደማ ስለሆነ በአንድ ግድግዳ ወደ 1.5 ሳ.ሜ ይሄዳል። በአሸዋና ሲሚንቶ ሲሠራ ግን ሙሌቱ ብቻ 2 ሳ.ሜ ስለሚደርስ በአንድ ግድግዳ 3 ሳ.ሜ ይታሰባል። እኛ በማጣበቂያ ስለምንሠራ ክፍላችን ከ163 ወደ 160፣ ከ220 ወደ 217 ይወርዳል። አደራደሩ የሚሰላው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

ይህ ልዩነት ከሴራሚኩ በላይ የሚጎዳው ሽንት ቤቱን ነው። ፍሳሹ ወደ ወለል የሚወርድ መቀመጫ ብዙ ጊዜ የፍሳሽ ቀዳዳው መሐል ካለቀው ግድግዳ 30 ሳ.ሜ እንዲርቅ ይፈልጋል። የቧንቧ ሠራተኛው ከብሎኬቱ ላይ 30 ለክቶ ከቀበረው ልስንና ሴራሚክ ከ4 እስከ 5 ሳ.ሜ ይበሉበታል፤ ከዚያ የውሃ ታንከሩ ግድግዳውን ይገፋል፣ መቀመጫውም አይገባም። ስለዚህ የሚገዙትን መቀመጫ ልክ ቀድመው ይወቁ፤ ለቧንቧ ሠራተኛው ሲነግሩም የልስኑንና የሴራሚኩን ውፍረት ደምረው ይስጡት።

የማጣበቂያና የሲሚንቶ ምርጫም እዚሁ ላይ ይለይ። ፖርሲሊን የሚባለው ጠጣር የሴራሚክ ዓይነት ውሃ የሚመጠው ከ0.5 በመቶ በታች ስለሆነ ተራ የአሸዋና ሲሚንቶ ውህድ በቅጡ አይዘውም፤ የሴራሚክ ማጣበቂያ የግድ ነው። ተራ የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ስለሚመጥ በሲሚንቶ ይያዛል፤ ሆኖም የሲሚንቶውን ውሃ እንዳይጠጣበት ከመለጠፉ በፊት አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት። በማጣበቂያ የሚለጠፍ ሴራሚክ ግን አይዘፈዘፍም፤ አቧራው ብቻ ይጠረጋል።

ግድግዳው ቀጥ ያለ መሆኑን ማረጋገጥ

ቱምቢ (ክር ላይ የታሰረ ክብደት) ከኮርኒሱ አጠገብ ያንጠልጥሉና ክሩ ከግድግዳው ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይለኩ። በ2 ሜትር ውስጥ 5 ሚ.ሜ ልዩነት በማጣበቂያ ሊስተካከል ይችላል። ልዩነቱ 1 ሳ.ሜ ካለፈ ግን በልስን ይታረም። ማጣበቂያ ለሙሌት የተሠራ አይደለም፤ ሲወፍር እየደረቀ ይሸሻል፣ ሴራሚኩንም ይጎትተዋል።

ማዕዘኖቹን በ60፣ 80፣ 100 ይፈትሹ። ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳ.ሜ፣ በሌላው 80 ሳ.ሜ ላይ ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ከ100 ከበለጠ ማዕዘኑ ተከፍቷል፣ ካነሰ ተዘግቷል። ወርዱንም በአንድ ቦታ ብቻ አይለኩ፤ ከወለሉ በ20፣ በ120 እና በ220 ሳ.ሜ ከፍታ ይለኩና ትንሹን ቁጥር ይያዙ። ከላይ 163 ሆኖ ከታች 161.8 የሚሆን ክፍል ብርቅ አይደለም።

ይህ ፍተሻ ከአደራደሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ግድግዳው 1 ሳ.ሜ ካዘነበለ የማዕዘኑ ቁራጭ ከላይ ወደ ታች 1 ሳ.ሜ ይሰፋል ወይም ይጠባል። 50 ሳ.ሜ የሆነ ቁራጭ ወደ 49 ቢጠብ ማንም አያየውም። 4 ሳ.ሜ የሆነው ወደ 3 ሲጠብ ግን ከበሩ ላይ ይታያል። የማዕዘን ቁራጭ ሰፊ ይሁን የሚባለው ለውበት ብቻ ሳይሆን የግድግዳውን ጥፋት ስለሚሸፍንም ነው።

ሴራሚኩ ራሱ ስንት ነው?

ካርቶኑ ላይ 30 በ60 ስለተባለ 30 በ60 ነው ማለት አይደለም። 29.8 በ59.8 የሆነ ሊያጋጥም ይችላል። ከተለያዩ ካርቶኖች አሥር ሴራሚክ ያውጡና አንድ በአንድ ይለኩ። ጥንድ ጥንዱን ፊት ለፊት ገጥመውም ይዩ፤ መሐላቸው ገጥሞ ጫፋቸው ክፍት ከሆነ ሴራሚኩ ቆልመም ያለ ነው። ረጅም ሴራሚክ ትንሽ መቆልመሙ የተለመደ ስለሆነ 60 ሳ.ሜ የሆነውን እንደ ጡብ ግማሽ በግማሽ ማፈራረቅ አይመከርም። የአንዱ ከፍ ያለ መሐል ከሌላው ዝቅ ያለ ጫፍ ጋር ይገናኝና ደረጃ ይፈጥራል። ማፈራረቅ ካማረዎት በሢሶው፣ ማለትም በ20 ሳ.ሜ ብቻ ያፈራርቁ። ለጠባብ መታጠቢያ ቤት ግን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ይሻላል፤ ስሌቱም ይቀላል፣ ክፍሉም አይጨናነቅም።

ጠርዙ በማሽን የተስተካከለ ሴራሚክ 2 ሚ.ሜ ክፍተት ይበቃዋል። ጠርዙ ዞር ያለና ልኩ ትንሽ የሚለያይ ከሆነ 3 ሚ.ሜ ይሁን፤ ልዩነቱን የሚውጠው ክፍተቱ ነው። ያለ ክፍተት ገጥሞ መለጠፍ የሚያምር ይመስላል፤ በሦስተኛው ረድፍ መስመሩ መሳት ሲጀምር ግን የሚታረምበት ቦታ አይኖርም።

ካርቶኖቹን ሲረከቡ የቀለም መለያ ቁጥራቸውና የልክ ቁጥራቸው አንድ መሆኑን እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ያረጋግጡ። ሁለት ዓይነት ነጭ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ከሩቅ ይለያል።

ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳ አለቃ ነው፤ ሌሎቹ እሱን ይከተላሉ። በእኛ ክፍል ይህ የሻወሩ ግድግዳ ነው፤ የሚታየው ወርዱ 160 ሳ.ሜ ነው። ሦስት አማራጭ አለ።

ከአንዱ ማዕዘን በሙሉ ከተጀመረ፦ ሁለት ሙሉ ሴራሚክ ከነክፍተታቸው 120.4 ይወስዳሉ፣ የሚቀረው 39.6 ነው። መጥፎ ባይሆንም ግድግዳው ወደ አንድ ጎን ያደላል።

የግራውት መስመሩ ግድግዳው መሐል ላይ እንዲያርፍ ከተደረገ፦ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሙሉ ይገባል፣ በሁለቱም ማዕዘን 19.7 ይቀራል። ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ቁራጩ ግን የሴራሚኩን ሢሶ እንኳ አይሞላም።

ሴራሚኩ ራሱ ግድግዳው መሐል ላይ እንዲያርፍ ከተደረገ፦ መሐል አንድ ሙሉ፣ በሁለቱም ማዕዘን 49.8 ይሆናል። የሚመረጠው ይህ ነው።

ደንቡ አጭር ነው፦ መስመሩን መሐል ላይ አድርገው ሲያሰሉ የማዕዘኑ ቁራጭ ከሴራሚኩ ግማሽ ካነሰ ሁሉንም በግማሽ ሴራሚክ ያንሸራትቱ። 19.7 ላይ 30.1 ሲደመር 49.8 ይመጣል። ልብ ይበሉ፤ ሦስቱም አማራጮች በአንድ ረድፍ ሦስት ሴራሚክ ነው የሚበሉት። ጥሩው አደራደር አንድ ብር እንኳ አይጨምርም።

የማዕዘኑን ቁራጭ 49.8 አድርገው እንዳይቆርጡት ግን ይጠንቀቁ። 49.8 የሚታየው ነው። የጎኑ ግድግዳ ሴራሚክ በኋላ መጥቶ 1.5 ሳ.ሜ ስለሚሸፍን ቁራጩ ወደ ልስኑ ይገባል፤ ከልስኑ የ3 ሚ.ሜ ክፍተት ተትቶለት ወደ 51 ሳ.ሜ ይቆረጣል። የተቆረጠው ጠርዝ ሁልጊዜ ወደ ማዕዘኑ ይዙር፤ የፋብሪካው ጠርዝ ከሙሉው ሴራሚክ ጋር ይጋጠም።

የጎን ግድግዳዎች

የጎኑ ግድግዳ 217 ሳ.ሜ ነው። ከበሩ በኩል በሙሉ ሲጀመር ሦስት ሙሉ 180.6 ይወስዳሉ፤ ከሻወሩ ማዕዘን ላይ 36.4 ይቀራል። መስመሩ መሐል ላይ እንዲያርፍ ከተደረገ ደግሞ ሁለት ሙሉ መሐል፣ በየጫፉ 48.2 ይሆናል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ ሁለቱም በረድፍ አራት ሴራሚክ ይፈልጋሉ። የጎን ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየው ስለሌለ ግራና ቀኝ ማመጣጠኑ ብዙም አይታይም። ስለዚህ ሙሉውን ከበሩ በኩል መጀመር ይሻላል፤ በተለይ ከ36.4 የሚተርፈው 23 ሳ.ሜ ለበሩ ግድግዳ ስለሚያገለግል። ሒሳቡ ወደ መጨረሻው ይመጣል።

አንዳንድ ባለሙያ ከአንዱ ግድግዳ የተቆረጠውን ትርፍ በማዕዘኑ አዙሮ ቀጣዩን ግድግዳ ይጀምርበታል፤ ሴራሚኩ የታጠፈ ይመስላል፣ ሥዕል ወይም የእብነ በረድ ሥር ያለው ከሆነ ያምራል። በእኛ ክፍል ግን አይሆንም፦ 51 ሆኖ ከሚቆረጠው የፊቱ ቁራጭ የሚተርፈው 9 ሳ.ሜ ብቻ ነው።

የወለሉን መስመር ከግድግዳው ጋር ለመግጠም የሚያስብ ካለ እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ወለሉ 30 በ30 ሲሆን ግድግዳው ደግሞ 60 ከሆነ ይገጥማሉ ተብሎ ይገመታል። ሁለት የወለል ሴራሚክ ከነሁለት ክፍተታቸው 60.4 ናቸው፤ አንድ የግድግዳ ሴራሚክ ከነክፍተቱ 60.2 ነው። በአንድ ሴራሚክ 2 ሚ.ሜ፣ በሦስት 6 ሚ.ሜ ይሸሻል። 6 ሚ.ሜ የሳተ መስመር ደግሞ ጨርሶ ካልገጠመው የባሰ ስህተት ይመስላል። ወይ ክፍተቶቹ ቀድመው ይታሰቡ፣ ወይም የወለሉ ልክ ፈጽሞ የተለየ ይሁንና ማንም መግጠም አይጠብቅ።

ከፍታው፦ ብዙ ጥፋት የሚሠራበት ቦታ

የመታጠቢያ ቤት ወለል ወደ ፍሳሹ ያዘነብላል። በ2 ሜትር ላይ 1.5 በመቶ ዝንባሌ 3 ሳ.ሜ ነው። ስለዚህ ያለቀው ወለል በሩ ላይ ከፍ፣ ፍሳሹ አጠገብ 3 ሳ.ሜ ዝቅ ይላል። ረድፉ ግን በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ልዩነቱን የሚሸከመው የታችኛው ረድፍ ብቻ ነው።

የተለመደው ስህተት በሩ አጠገብ ሙሉ ሴራሚክ ወለሉ ላይ አቁሞ ዙሪያውን መሄድ ነው። ፍሳሹ ጋ ሲደረስ ከሥሩ የ3 ሳ.ሜ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ እሱም በሲሚንቶ ወይም በቀጭን ቁራጭ ይደፈናል። ውሃ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያው ነውና መጀመሪያ የሚበላሸውም እሱ ነው። ስለዚህ የታችኛው ረድፍ ከፍታ የሚወሰነው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው፦ ፍሳሹ ጋ 30 ሳ.ሜ ቦታ፣ በሩ ጋ 27 ሳ.ሜ ቦታ። ከወለሉ ጋር ለሚተወው የ3 ሚ.ሜ ክፍተት ያህል ከሴራሚኩ ይቀነሳል።

አሁን ወደ ላይ ይቁጠሩ። በሩ ጋ ካለቀው ወለል እስከ ኮርኒስ 240 ሳ.ሜ ነው እንበል። 27፣ 0.2 ክፍተት፣ ከዚያ ሰባት ሙሉ ረድፍ በ30.2 ሲባዛ 211.4፤ ድምሩ 238.6። የሚቀረው 1.4 ሳ.ሜ ነው። ይህንን ወረቀት ላይ ያላየ ሰው ሰባት ረድፍ ለጥፎ ሲጨርስ ነው የሚያገኘው፤ የ1.4 ሳ.ሜ ሴራሚክ ደግሞ በቅጡ አይቆረጥም።

ጂፕሰም ኮርኒሱ ገና ካልተሠራ እዳው ገብስ ነው። ኮርኒሱ ከወለሉ 237.5 ላይ ይታሰር፤ የመጨረሻው ረድፍ ጫፍ 238.4 ላይ ስለሚያበቃ ወደ 1 ሳ.ሜ የሚጠጋው ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ ይቀራል። ከላይ አንድም ቁራጭ የለም። ለዚህ ነው ኮርኒስ ከሴራሚክ በኋላ መሠራት ያለበት።

ጣሪያው ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ከሆነና ማውረድ ካልተቻለ ትርፉ ይከፋፈል፦ የታችኛው ረድፍ በሩ ጋ 18.4፣ ፍሳሹ ጋ 21.4፤ ከዚያ ሰባት ሙሉ፤ ከላይ 10 ሳ.ሜ። ለታችኛው የበለጠ የተሰጠው ሆን ተብሎ ነው። የታችኛው ረድፍ መጥረጊያና ውሃ የሚያርፍበት ስለሆነ ሰፊ ቁራጭ ይፈልጋል፤ ከ2 ሜትር በላይ ያለውን ግን ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ እስከ በሩ ራስ ብቻ መለጠፍም ይቻላል። በመጀመሪያው አደራደር ስድስተኛው ሙሉ ረድፍ 208.2 ላይ ስለሚያበቃ የበሩ ፍሬም ራስ እዚያ ከሆነ መስመሩ አንድ ይሆናል። ከዚያ በላይ እርጥበት የሚችል ቀለም ይቀባል። ሻወሩ ባለበት በኩል ግን እስከ ላይ ይለጠፍ።

የ1 ሜትር መስመርና መነሻ ጣውላ

የወለሉ ከፍታ ገና በሲሚንቶ ስላልተሠራ ከወለል መለካት አይቻልም። በሩ ጋ ያለቀው ወለል የት እንደሚደርስ ይወስኑ። ብዙ ጊዜ መነሻው ከኮሪደሩ ወለል 1 እስከ 2 ሳ.ሜ ዝቅ ማለቱ ነው። ከዚያ ልክ 1 ሜትር ወደ ላይ ለክተው ምልክት ያድርጉ። ምልክቱን ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ወይም በሌዘር ወደ አራቱም ግድግዳ ያዙሩና በቀለም ክር መስመር ይምቱ። ጎማው ውስጥ አረፋ ካለ ልኩ ይሳሳታል። ዙሪያውን ሄደው ወደ መጀመሪያው ምልክት ሲመለሱ መስመሩ መግጠም አለበት፤ 2 ሚ.ሜ እንኳ ከሳተ ይድገሙት።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ከዚህ መስመር ይለካል። ሁለተኛው ረድፍ የሚቀመጠው ከወለሉ 27.2 ላይ ስለሆነ ከመስመሩ 72.8 ሳ.ሜ ወደ ታች ይለኩና ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም የአልሙኒየም ዘንግ በሚስማር ይሰሩ። ሥራው የሚጀምረው ከሁለተኛው ረድፍ ነው፤ ሴራሚኩ ጣውላው ላይ ይቆማል፣ አይንሸራተትም። የወለሉ ሴራሚክ ካለቀ በኋላ ጣውላው ይነሳና የታችኛው ረድፍ አንድ በአንድ እየተለካ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ታች ሆኖ ይገባል። ውሃ የማያሳልፈው ቅብ ቀድሞ ከተቀባ የሚስማሩ ቀዳዳ ሳይረሳ ተመልሶ ይቀባ።

አሁን አንድ ቀላል መሣሪያ ይሥሩ። ቀጥ ያለ 2.4 ሜትር ሞራሌ (ቀጭን የተሰነጠቀ እንጨት) ይውሰዱና ከአንዱ ጫፍ ጀምረው በየ30.2 ሳ.ሜ በእርሳስ ይስመሩ፤ መስመሩ አጠገብ የ2 ሚ.ሜውንም ክፍተት ያሳዩ። ሌላ 1.6 ሜትር ጣውላ ላይ ደግሞ በየ60.2 ይስመሩ። የመጀመሪያውን ጣውላው ላይ አቁመው በየግድግዳው ሲያስጠጉት ረድፎቹ መስኮቱን፣ ሚክሰሩንና የበሩን ራስ የት እንደሚያገኟቸው ዓይንዎ እያየ ያሳይዎታል። ወደ ላይና ወደ ታች 5 ሳ.ሜ ያንቀሳቅሱት፤ በወረቀት ግማሽ ቀን የሚፈጀው ውሳኔ አንዳንዴ እዚህ በሩብ ሰዓት ያልቃል።

ቧንቧ፣ ሚክሰር፣ ቦይለር

የሻወሩ ሁለት የውሃ መውጫዎች መሐል ለመሐል 15 ሳ.ሜ ይራራቃሉ። ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት አደራደሩ ካለቀ ሚክሰሩን ደስ የሚል ቦታ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። በእኛ ከፍታ አንዱ ረድፍ ከ87.6 እስከ 117.6 ነው፤ መሐሉ 102.6 ነው። ሚክሰሩ እዚያ ቢቀበር ሁለቱም ቀዳዳዎች በአንድ ሙሉ ሴራሚክ መሐል ያርፋሉ፤ በወርድም ሴራሚኩ ግድግዳው መሐል ስላለ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። መጥፎው ቦታ ከሴራሚኩ ጠርዝ 1 ወይም 2 ሳ.ሜ ርቆ የሚያርፍ ቀዳዳ ነው፤ የቀረችው ስስ ጠርዝ ሲቆረጥ ወይም ሚክሰሩ ሲጠብቅ ትሰነጠቃለች። ቧንቧው አስቀድሞ ከተቀበረና ቦታው ከተበላሸ ረድፉን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በሞራሌው ይፈትሹ።

የቧንቧዎቹ አፍ ጥልቀትም ያለቀውን ግድግዳ ያገናዝብ። በልስኑ ልክ የቀረ አፍ ከሴራሚኩ 1.5 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ ይገባና ማራዘሚያ ይፈልጋል። የበሩ ፍሬምም እንዲሁ ከልስኑ ቢያንስ 1.5 ሳ.ሜ ወጣ ብሎ ይገጠም፤ አለበለዚያ ሴራሚኩ ከፍሬሙ ፊት ወጥቶ ጠርዙ ይታያል።

ለሳሙናና ለሻምፑ ግድግዳው ውስጥ ጎድጓዳ መደርደሪያ የሚሠራ ከሆነ ልኩን ረድፉ ይወስነው፦ ከታች ከ117.8 ጀምሮ አንድ ረድፍ ከፍታ። በብሎኬቱ ላይ የሚከፈተው ቀዳዳ ካለቀው ልክ በየጎኑ 1.5 ሳ.ሜ ይስፋ። ከታች ያለው ሴራሚክ ወደ ውጭ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ ያዘንብል፣ ውሃ እንዳይቋጥር። ባለ 10 ሳ.ሜ ብሎኬት ግድግዳ ላይ ግን ይህ አይሞከርም።

50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውሃ ሲሞላ ከነአካሉ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ክፍት ብሎኬት ይህንን አይሸከምም፤ መስቀያው የሚያርፍበት ቦታ ከልስን በፊት በኮንክሪት ይሞላ። ከዚያ የቀዳዳዎቹን ቦታ አደራደሩ ላይ ያስፍሩ። መሰርሰሪያው ከሴራሚኩ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሳ.ሜ ይራቅ።

የውጭ ማዕዘንና መስኮት

የቧንቧ መውረጃ የተሸፈነበት ሳጥንና የመስኮት ጉንጭ የውጭ ማዕዘን አላቸው። እዚያ ላይ ቁራጭ አይታይ፤ ከውጭ ማዕዘን በሁለቱም በኩል ሙሉ ወይም የፋብሪካ ጠርዝ ያለው ሴራሚክ ይጀምር፣ ቁራጩ ወደ ውስጠኛው ማዕዘን ይሂድ። ጠርዙን በግራይንደር 45 ዲግሪ አድርጎ መግጠም ለፖርሲሊን ይሆናል። ውስጡ ቀይ አፈር የሆነ ሴራሚክ ግን ሲሞረድ ቀዩ ይታያል፣ ቀለሙም ይላጣል፤ ለእሱ የአልሙኒየም ጠርዝ ይሻለዋል። የጠርዙ ልክ ከሴራሚኩ ውፍረት ጋር እኩል ይሁን።

መስኮት አጠገብ የኤል ቅርጽ ያለው ቁራጭ አይቀሬ ነው። አንዱ ክንፉ ከ5 ሳ.ሜ በታች እንዳይሆን በሞራሌው ያስተካክሉ። ሲቆረጥ መጀመሪያ የውስጠኛው ማዕዘን ላይ 6 ሚ.ሜ ቀዳዳ ይበሳ፣ ከዚያ ከሁለቱም አቅጣጫ እስከ ቀዳዳው ይቆረጥ። በግራይንደር ተሻግሮ የተቆረጠ ማዕዘን ውሎ አድሮ ከዚያችው ነጥብ ይሰነጠቃል።

ስንት ካርቶን?

ሁሉም የሚያውቀው ስሌት ስፋቱ ላይ 10 በመቶ መጨመር ነው። የእኛ ክፍል ዙሪያው 7.54 ሜትር፣ ከፍታው 2.4 ሜትር፣ 18.1 ካሬ ነው፤ በሩ 1.7 ካሬ ገደማ ሲቀነስ 16.4። 10 በመቶ ሲጨመር 18 ካሬ። አንድ ካርቶን 8 ሴራሚክ ወይም 1.44 ካሬ ስለሚይዝ 13 ካርቶን፣ 104 ሴራሚክ ይመጣል።

በረድፍ ሲቆጠር ግን ሌላ ነው። ረድፉ ስምንት ነው። የፊቱ ግድግዳ በረድፍ 3፣ 24 ይፈልጋል። ሁለቱ ጎኖች በረድፍ 4፣ 64። የበሩ ግድግዳ ከበሩ ጎን 80 ሳ.ሜ ስላለው በረድፍ አንድ ሙሉና አንድ 19.8 ቁራጭ፣ ከበሩ በላይ ደግሞ ሁለት፤ ይህ 18 ነው። ድምሩ 106። 104 አልበቃም። በጠባብ ክፍል ብዙ ማዕዘን ስላለ ብክነቱ ከ10 በመቶ ያልፋል።

የጎኖቹ ቁራጭ ትርፍ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከ36.4 የተረፈው 23 ሳ.ሜ ለ19.8ቱ ቁራጭ ይበቃል፤ ስምንቱ ከዚያ ከወጡ ፍላጎቱ 98 ይሆናል። ለስብራት 5፣ ለወደፊት ጥገና አንድ ካርቶን ሲጨመር 111፤ ማለትም 14 ካርቶን። ትርፎቹ እንዳይጣሉ ግን ለረዳቱ ከመጀመሪያው ይነገር፣ ለብቻ ይደርደሩ። ቧንቧ ሲፈነዳ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቀለም ገበያ ላይ ማግኘት ዘበት ስለሆነ የመጠባበቂያው ካርቶን መለያ ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጥ።

ማጣበቂያ ለስላሳ ግድግዳ ላይ በካሬ 5 ኪሎ ገደማ ይሄዳል፤ ለ16.4 ካሬ 82 ኪሎ፣ ባለ 20 ኪሎው ከሆነ 5 ከረጢት። ግራውት ለዚህ ልክና ለ2 ሚ.ሜ ክፍተት 3 ኪሎ ይበቃል።

ለባለሙያው የሚሰጠው ሥዕል

አራቱን ግድግዳዎች በየራሳቸው ወረቀት ላይ ይሳሉ፤ 1 ሳ.ሜ ለ10 ሳ.ሜ በቂ ነው። በእያንዳንዱ ላይ የ1 ሜትሩን መስመር፣ የመነሻ ጣውላውን፣ የመሐል መስመሩን፣ የማዕዘን ቁራጮቹን ልክና የቧንቧዎቹን ቦታ ይጻፉ። ወረቀቱ ስለሚረጥብ ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች ልስኑ ላይም በእርሳስ ይጻፉ፤ ሴራሚኩ ይሸፍነዋል።

መጀመሪያ የፊቱና የበሩ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ጎኖቹ ይለጠፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ሲያልቁ ሥራው ይቁምና ይፈተሽ፦ በውሃ ልክ፣ በቱምቢ፣ እና በሞራሌው። በሞራሌው ላይ ካለው መስመር 1 ሚ.ሜ መሳት ከጀመረ በሰባተኛው ረድፍ ግማሽ ሳንቲ ሊደርስ ይችላልና ማጣበቂያው ሳይደርቅ እዚያው ይታረም። አንዱን ሴራሚክ ደግሞ አንሥተው ጀርባውን ይዩ፤ ሻወር አካባቢ ቢያንስ 95 በመቶው በማጣበቂያ መሸፈን አለበት፣ ማዕዘኖቹ ባዶ ከሆኑ የማበጠሪያው (ማጣበቂያው የሚዘረጋበት ባለ ጥርስ መሣሪያ) ጥርስ ትንሽ ነው ወይም ማጣበቂያው ቀድሞ ደርቋል።

ግራውት ከ24 ሰዓት በኋላ ይሞላ። ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበት ማዕዘንና ግድግዳው ከወለሉ የሚገናኝበት የ3 ሚ.ሜ ክፍተት ግን በግራውት አይሞላም፤ ግድግዳዎች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ግራውቱ ይሰነጠቃል። እነዚህ ቦታዎች ንጹሕና ደረቅ ሆነው ሻጋታ የሚከላከል ሲሊኮን ይገባባቸዋል፤ ሻወሩም ሲሊኮኑ በቅጡ እስኪደርቅ አይከፈትም።